ሸማ ለሰኞም ይሁን፦ ከየካ እስከ እንጦጦ ግርጌ የራስን አለባበስ ማግኛ መመሪያ

ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መገናኛ አካባቢ የቆመ ሰው ከሕፃን ካልሲ እስከ ሙሉ ልብስ የማይሸጥ ነገር አያገኝም። ሁሉም ከአንድ ጭነት የወረደ ልብስ ይገዛል፣ ሁሉም ይመሳሰላል። ቁም ሣጥኑ ይሞላል፤ ጠዋት ሲነጋ ግን «ዛሬ ምን ልልበስ?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነው። አዲስ አበባን የመሰለ ትልቅ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ በተለይ ከክፍለ ሀገር በቅርቡ የመጣ ወይም ሥራ የጀመረ ወጣት፣ ይህን በደንብ ያውቀዋል።

በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከካራና ከኮተቤ እስከ መገናኛና ሾላ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ግርጌ ባለው አካባቢ የሚኖር ሰው የራሱን አለባበስ ለማግኘት ሦስት ትልልቅ ረዳቶች አሉት። አንደኛው ሽሮ ሜዳ ያለው የሸማ ገበያ ነው። ሁለተኛው በየመንደሩ መኪናውን ዘርግቶ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ራሱ የጋራው አየር ነው፤ ምን እንደሚለበስ በየቀኑ የሚያስገድደው እሱ ነውና።

አባቶቻችን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላሉ። አባባሉ ለበዓል የሚገባውን ክብር ይሰጣል። የዚህ መመሪያ ሐሳብ በዚያ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ለጥምቀት የሆነው ሸማ ለሰኞም ይሁን። በእጅ የተሠራውን ጨርቅ ከበዓል ሣጥን አውጥቶ፣ በልክ አሰፍቶ፣ ወደ ሥራ ቀን ያመጣ ሰው ማንንም የማይመስል አለባበስ ያገኛል። መንገዱ ደረጃ በደረጃ እነሆ።

1. ከልብሱ በፊት አየሩን ይወቁ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጋራ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ወደ ጋራው በተጠጉ መጠን ጠዋቱና ማታው ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ካፖርት የሚያስመኘው መንገድ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጥላ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ልብስዎን በድርብ ያስቡ። ከሥር ስስ የጥጥ ሸሚዝ ወይም ቲሸርት ይሁን። በላዩ ሹራብ ወይም ሰደርያ ይደረብ። ከሁሉ በላይ ንፋስ የሚመልስ ጃኬት ወይም ካፖርት ይምጣ። አንገት ላይ ቀለል ያለ ነጠላ ወይም ሻርፕ ቢጨመር ጠዋት ያሞቃል፣ ቀትር ላይ ከፀሐይ ይከላከላል፣ በአቧራማ መንገድም አፍና አፍንጫ ይሸፍናል። አንድ መመዘኛ ይያዙ፦ ቀትር ላይ የሚያወልቁት ልብስ ተጣጥፎ ቦርሳዎ ውስጥ መግባት አለበት። የማይገባ ከሆነ ቀኑን ሙሉ በእጅዎ ተሸክመውት ይውላሉ።

ክረምቱ የራሱ ሕግ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ጭቃው ከጉልበት በታች ያለውን ልብስ ሁሉ ይፈትናል። በእነዚህ ወራት ነጩን ከወገብ በላይ፣ ጠቆር ያለውን ከወገብ በታች ያድርጉ። የቀሚስና የሱሪ ጫፍ መሬት እንዳይነካ አድርገው ያሳጥሩ። በሚኒባስ ታክሲ የሚመላለሱ ከሆነ ደግሞ ረጅም ነጠላ ሲሳፈሩ ሰብሰብ ብሎ ይታሰር፤ በር ላይ ተይዞ ሊቀደድ፣ ከዚያም አልፎ ሊጎዳዎት ይችላል።

2. ያለዎትን ልብስ ይፈትሹ

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ከመስታወት ፊት ቆመው የለበሱትን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሲያዩ ሦስት ነገሮች ይገለጡልዎታል፦ ሳያስቡት የሚደጋግሙት ልብስ፣ ፊትዎን የሚያበራ ቀለም፣ እና ሰውነትዎ ላይ የሚቀመጥ ቅርጽ።

ከዚያ ቁም ሣጥኑን አልጋ ላይ ዘርግተው በሦስት ይክፈሉት። በየሳምንቱ የሚለብሱት አንድ በኩል ይሁን። ጥሩ ሆኖ ልኩ ያልሆነው፣ ሰፍቶ ወይም ረዝሞ የተቀመጠው ሌላ በኩል ይሁን፤ ይህ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ሦስተኛው ዓመት ሙሉ ያልተነካው ነው፤ ለዘመድ ወይም ለሚያስፈልገው ሰው ይስጡት። ከዚህ በኋላ የሚጎድለውን በወረቀት ይጻፉ። «ቀሚስ» ብለው አይለፉት፤ «ለቢሮም ለቤተ ክርስቲያንም የሚሆን፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ የጥጥ ቀሚስ» ብለው ይግለጹት። ሻጭ በቀላሉ የሚያሸንፈው የሚፈልገውን ለይቶ ያልመጣውን ገበያተኛ ነው።

3. ዓይንዎን ያሠልጥኑ

የመልበስ ጥበብ መጀመሪያው ማየት ነው፤ ለማየት ደግሞ ይህ አካባቢ ሀብታም ነው።

ከስድስት ኪሎ ይጀምሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተለያዩ ብሔረሰቦች አልባሳትና ጌጣጌጥ ይታያሉ። ቀለም ከቀለም፣ ጌጥ ከጨርቅ እንዴት እንደሚገናኝ እዚያ ይማራሉ። ከዚያ ወደ እንጦጦ ይውጡ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ ጣይቱን ዘመን አልባሳትና ቅርሶች ይዟል። ካባዎቹን ሲያዩ አሰፋፋቸውን፣ የትከሻቸውን አወራረድና የጌጣቸውን ቦታ ልብ ይበሉ። ጌጡ በልብሱ ሁሉ ላይ አልተበተነም፤ በአንገትና በጠርዝ ላይ ተሰብስቧል። ይህ ዛሬ ለሚያሰፉት ሸሚዝም የሚሠራ ትምህርት ነው።

ሕያው የሆነውን ደግሞ በበዓል ቀን ያያሉ። ጥር 11 ጃን ሜዳ፣ በማግስቱም የሚካኤል ታቦት ሲመለስ የካ ሚካኤል አካባቢ ቢገኙ የአገር ልብስ በየዓይነቱ በአንድ ቦታ ይታያል። የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የሸዋው ቀሚስ፣ የጋሞው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ዱንጉዛ ጎን ለጎን ያልፋል። በሥራ ቀን ደግሞ በማለዳ እንጦጦ የሚሮጡትን አትሌቶች ይመልከቱ፤ ቱታቸውን እንዴት እንደሚደርቡና ሰውነታቸው ሲሞቅ እንዴት እንደሚያወልቁት ከላይ ስለ ድርብ ልብስ የተባለውን በተግባር ያሳያል። ያዩትን በማስታወሻ ይያዙ። የሰው ፎቶ ግን ሳያስፈቅዱ አያንሱ።

4. ጨርቅ መለየት ይማሩ

በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው በትንሽ ገንዘብ ይዘንጣል፤ የማያውቅ በብዙ ገንዘብ ይታለላል።

በመጀመሪያ ሥራውን ይረዱ። በአዲስ አበባ የሽመና ሥራ በአብዛኛው ያቆዩት ከጋሞ ደጋማ አካባቢ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ መጥተው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ የሰፈሩ ሸማኔዎች ናቸው። በልማዱ ሴቶች ጥጡን ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እየላከ ማጉን ያስገባል። ጨርቁ እጁ ከሚደርስበት ስፋት አያልፍምና ወርዱ ጠባብ ነው። ሰፊ ልብስ የሚገኘው ሁለት ወርድ በማጋጠም ነው። ጥለቱን ሲሠራ ደግሞ ባለቀለሙን ክር በየመስመሩ በጣቱ እየለየ ያስገባል። ጥለቱ ሰፊና ባለብዙ ቀለም በሆነ ቁጥር የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ቀጥሎ ዓይነቱን ይለዩ። ነጠላ ስስና ቀላል ነው፤ ለትከሻና ለራስ ይሆናል። ኩታ ከነጠላ ወፈር ይላል። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚሰፋ የብርድ ልብስ ነው። ቡሉኮ ከጋቢም ይከብዳል። ለቀሚስና ለሸሚዝ የሚሆነውን ጨርቅ ሻጮች ፈትል፣ መነን፣ ሳባ እያሉ ያቀርባሉ። ፈትል በእጅ ከተፈተለ ክር የሚሠራው ነው፤ ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ፈትል ይሆናል። ስሙን ከሰሙ በኋላ ሁሉንም በጣትዎ ይንኩ፤ አንዱ ሻካራና ሞቃት፣ ሌላው ለስላሳና የሚያንጸባርቅ ሆኖ ያገኙታል።

በመጨረሻ እውነተኛውን ከአስመሳዩ ይለዩ። ዛሬ የጥለት ሥዕል የታተመባቸው የፋብሪካ ጨርቆች በሰፊው ይሸጣሉ። የሚከተሉት አራት ፍተሻዎች ይበቃሉ።

ጥለቱን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። የተሸመነ ጥለት ክሩ በጀርባም ይታያል፤ የታተመው በጀርባ ይደበዝዛል።

ጨርቁን ወደ ብርሃን ያንሱት። በእጅ የተሸመነው ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ የማሽን ነው።

ጠርዙን በጣትዎ ይከተሉ። የሸማኔ ጠርዝ ማጉ ዞሮ የተመለሰበት ስለሆነ አይተረተርም። በመቀስ ተቆርጦ የታጠፈ ከሆነ ከሰፊ ጨርቅ የተቀደደ ነው።

ከዘርፉ አንዲት ክር በሻጩ ፈቃድ ወስደው በክብሪት ያቃጥሏት። ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሠራል።

የፋብሪካ ጨርቅ መግዛት ነውር አይደለም፤ ለኪስ ይቀላል፣ ለማጠብም አያስቸግርም። ነውሩ የፋብሪካውን ጨርቅ በሸማኔ ዋጋ መሸጥ ነው። እርስዎ የሚገዙትን አውቀው ይግዙ።

5. ሽሮ ሜዳ ሲሄዱ

ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ይገኛል። ከመገናኛ የሚነሱ ከሆነ ወደ አራት ኪሎ ወይም ወደ ስድስት ኪሎ በሚሄደው ታክሲ ተሳፍረው፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣውን ይያዙ።

ቀኑን ይምረጡ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት ገበያው ይጨናነቃል፣ ዋጋም ይወደዳል። የሠርግ ወራትም እንዲሁ ናቸው። ተራ የሥራ ቀን ጠዋት ከሄዱ ሻጩ ጊዜ ይሰጥዎታል፣ የቀን ብርሃንም ቀለሙን በትክክል ያሳያል። በሱቅ መብራት ብቻ የተመረጠ ቀለም ውጭ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ይገኛልና ጨርቁን ወደ በሩ ይዘው ይውጡ።

የመጀመሪያውን ዙር ሳይገዙ ይዙሩ። በሦስትና በአራት ሱቅ የአንድ ዓይነት ነጠላ ዋጋ ይጠይቁ። ከዚያ ከተስማማዎት ሻጭ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። «እናቴ፣ ትንሽ ቀንሱልኝ» ወይም «ወንድሜ፣ መጨረሻውን ንገረኝ» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን በእጅ የተሠራ ሥራ ላይ ሲከራከሩ የሸማኔውን ቀናት ያስቡ፤ እጅግ የረከሰ ነጠላ የሆነ ሰው ድካም ያልተከፈለበት ነው። ከሻጩ ጋር ሲግባቡ ሸማኔው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ቀጥታ ከሸማኔው ጋር መገናኘት ከቻሉ የሚፈልጉትን ቀለምና የጥለት ስፋት አዝዘው ያሠራሉ፤ ያኔ ልብሱ በእርግጥ የእርስዎ ብቻ ይሆናል።

በእንጦጦ መንገድ ሌላም ሊጎበኝ የሚገባው ሥራ አለ። ቀድሞ ከጋራው ማገዶ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሻርፕና ነጠላ ይሸምናሉ። ከእነሱ የገዙት ሻርፕ ለአንዲት እናት ከጀርባ ሸክም የተሻለ እንጀራ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዙ ከሆነ ከትልቁ ቀሚስ አይጀምሩ። አንድ ለየቀኑ የሚሆን ባለጠባብ ጥለት ነጠላ፣ ለአንድ ሸሚዝ የሚበቃ ጨርቅ፣ እና አንድ ሻርፕ ይበቃል።

6. ልብስ ሰፊዎን ይምረጡ

ጥሩ ልብስ ሰፊ ያገኘ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። በሾላ፣ በላምበረት፣ በኮተቤ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሙያቸውን የሚያከብሩ ሰፊዎች አሉ። አዲስ ጨርቅ ይዘው ከመሄድዎ በፊት በትንሽ ሥራ ይፈትኗቸው፤ በሁለተኛው ደረጃ የለዩትን የረዘመ ሱሪ ያሳጥሩ፣ የሰፋ ሸሚዝ ያጥብቡ። ስፌቱ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ የተቆረጠው ጠርዝ መዘምዘሙን፣ በቀጠሮው ቀን መድረሱን ይዩ። ይህን ላለፈ ሰፊ ትልቁ ሥራ ይሰጠዋል።

ሥራውን ሲሰጡ የሚከተሉትን ይፈጽሙ።

ጨርቁን አስቀድመው ያጥቡት። የእጅ ፈትል ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ የተቆረጠ ሸሚዝ ከታጠበ በኋላ የታናሽ ወንድም ልክ ይሆናል።

በደንብ የሚመጣልዎትን አንድ አሮጌ ልብስ ይዘው ይሂዱ። «እንደዚህ፣ ግን እጅጌው በሁለት ጣት ያጠረ» ማለት ከብዙ ገለጻ ይሻላል።

ልክዎ ሲወሰድ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመትና ሙሉ ቁመት መለካታቸውን ያረጋግጡ፤ ቁጥሩን እርስዎም ይጻፉት። ሲለኩ ተዝናንተው ይቁሙ፣ ሆድዎን አያስገቡ።

ጥለቱ የት እንደሚያርፍ በእርሳስ ሥለው ያሳዩ። ለሸሚዝ የአንገት ዙሪያና የቁልፍ መስመር፣ ለቀሚስ የታችኛው ጠርዝና የእጅጌ ጫፍ፣ ለጉርድ ደግሞ ከታች ብቻ ያምራል።

ስስ ጨርቅ ከሆነ በስስ ጥጥ ገበር ይደረግለት። ስፌቱ ውስጥ ትርፍ እንዲተው ይጠይቁ፤ ሰውነት ሲጨምር ይለቀቃል።

ቀብድ ሲከፍሉ ቀኑንና ዋጋውን ያጽፉ። ከመጠናቀቁ በፊት አንድ ጊዜ ለመሞከር ቀጠሮ ይያዙ። ለበዓል የሚያሰፉ ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው ይስጡ።

7. የአገሩን ከዘመኑ ያገናኙ

ሸማን ለሥራ ቀን ማምጣት ማለት ከራስ እስከ እግር የበዓል ልብስ ለብሶ ቢሮ መሄድ አይደለም። አንድ የሸማ ልብስ ከሌላው የዘወትር ልብስ ጋር ይጣመር። ለወንድ፣ የቁልፍ መስመሩ ላይ ቀጭን ጥለት ያለው ነጭ ሸሚዝ ከጂንስ ወይም ከጥቁር ሱሪ ጋር ይሄዳል፤ በላዩ ኮት ሲደረብ ለስብሰባም ይበቃል። ለሴት፣ ከታች ጥለት ያለው የሸማ ጉርድ ከአንድ ቀለም ሹራብ ጋር፣ ወይም አጭር የሸማ ሸሚዝ ከሰፊ ሱሪ ጋር ይሞከር። ለብርድ፣ ነጠላውን እንደ ሻርፕ ጠቅልሎ በካፖርት ውስጥ መክተት ለሁሉም ይሆናል። የመንዝ በርኖስ ያገኘ ሰው ደግሞ ለእንጦጦ ንፋስ የተፈጠረ የሱፍ ካባ አለው።

ቀለም ለማገናኘት ቀላል ዘዴ አለ። ጥለቱ ውስጥ ካሉት ቀለሞች በመጠን ትንሹን ይምረጡና ያንኑ ቀለም በአንድ ሌላ ነገር ላይ ይድገሙት፤ በቦርሳ፣ በጫማ ወይም በጉትቻ። ከአንድ ቦታ በላይ ከደገሙት ይበዛል። ጥለት የለበሱ ቀን ሌላ አበባም ሆነ መስመር ያለው ልብስ አይጨምሩ።

ይህ መንገድ ተሞክሮ የሠራ ነው። ሞዴል ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የተባለውን ድርጅት ያቋቋመችው የአገሯ ሸማኔዎች ሥራ እያጡ መሆኑን አይታ ነው፤ የእነሱ ጨርቅ የልጅ ልብስና የባሕር ዳርቻ ቀሚስ ሆኖ በዓለም ገበያ ተሸጧል። ፍቅርተ አዲስና ማህሌት አፈወርቅም አዲስ አበባ ውስጥ ሆነው ሽመናን ወደ ዛሬ ልብስ ካመጡ ዲዛይነሮች መካከል ናቸው። ሥራቸውን ይመልከቱ፤ ቅርጹን ሳይሆን አሠራሩን ይውሰዱ፤ አንድ ጥሩ ጨርቅ ይዘው በልክ ይሰፉታል፣ ሌላውን ሁሉ ይቀንሳሉ።

8. የቦታውን ሥርዓት ይጠብቁ

አለባበስ ሌሎች ሰዎች የሚያነቡት ነገር ነው። ነጠላ በተለይ አለባበሱ ብቻውን ይናገራል። በዘወትርና በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ትከሻ ይደረጋል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ በመስቀለኛ ይጣፋል። የእንጦጦ ማርያምን፣ የእንጦጦ ራጉኤልን ወይም ከየካ በላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ሲጎበኙ ነጠላ ይያዙ፤ ጫማ ስለሚወልቅም ያልተቀደደ ካልሲ ያድርጉ። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ደማቅ ጥለት፣ ብዙ ጌጥና ጠንካራ ሽቶ ይቅር። ፋሽን ለመከተል ሲባል ነጠላን እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ ማንጠፍ ወይም ወገብ ላይ በግድየለሽነት መቋጠር ትልልቆችን ያስከፋል፤ ያስከፋቸውን ነገር ሲያስረዱዎትም በአክብሮት ይስሙ።

9. እግርዎን አይርሱ

ሰው ከላይ ዘንጦ በጫማው ይጋለጣል። የዚህ አካባቢ መንገድ ዳገት፣ ኮብልስቶንና የክረምት ጭቃ ነው። ሦስት ጫማ ለዓመት ይበቃል፦ ለሥራ የሚሆን የቆዳ ጫማ፣ ለክረምት ወፍራም ሶል ያለው ቦቲ፣ ለዳገት የማያንሸራትት ስኒከር። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ሆነ ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሞከርም።

የቆዳ ጫማ ሲገዙ የአገር ውስጡን ቅድሚያ ይስጡት። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነው፤ በአገራችን ያለ ሀብት ነው። ጫማውን በሳምንት አንድ ጊዜ ሊስትሮ ዘንድ ያስጠርጉ። ከዝናብ በኋላ ወረቀት ከትተው በጥላ ያድርቁት፤ እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል።

10. ያገኙትን ይንከባከቡ

የተሸመነ ልብስ ዕድሜ የሚወሰነው በእጥበቱ ነው። ጥለት ያለው ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጥቡ የጥለቱን ጫፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገው ቀለም ይለቅ እንደሆነ ይዩ። ከለቀቀ ብቻውን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። በረኪና በጥለት ላይ አይደረግም። አይጠመዘዝ፤ በእጅ እየተጫነ ውኃው ይውጣ። ባለቀለሙ በጥላ፣ ሙሉ ነጩ በፀሐይ ይድረቅ። ሲተኮስ ከጀርባው ይሁን። ከባድ ሸማ በመስቀያ ሲንጠለጠል ይለጠጣል፤ አጥፈው ያስቀምጡት። ከክረምት በኋላ፣ በመስከረም ፀሐይ፣ ሣጥኑን ከፍተው ሁሉንም ያናፍሱ።

እናቶቻችን ሸማ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉ። እንዶድ ጨርቁን አያሻክርም። ነገር ግን እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው ተክሉ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ወደሚያሳየው ምርምር የመራቸው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ውኃ ዓሣንም ይጎዳል፤ ከየካና ከእንጦጦ ጋራ የሚወርዱት ወንዞቻችን ደግሞ የሚበቃቸውን ያህል ተበክለዋል።

11. በዓመት ዕቅድ ይሂዱ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት አይሞክሩ። በሐምሌ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን ጨርቅ ይዘዙ። በኅዳር፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ለገናና ለጥምቀት የሚሆነውን ያሰፉ። በዓል ያለፈበት ሳምንት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ለዘወትር የሚሆነውን ሻርፕና ነጠላ ያኔ ይግዙ። በየግማሽ ዓመቱ አንድ የሸማ ልብስ ቢጨምሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ሌላ ሰው የሌለው ቁም ሣጥን ይኖርዎታል።

አዲስ ልብስ ለመግዛት ሲፈተኑ ሦስት ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ። ካሉኝ ልብሶች ቢያንስ ከሦስቱ ጋር ይሄዳል? በካራ ጠዋትና በመገናኛ ቀትር ይለበሳል? ታጥቦ ታጥቦ ይቆያል? ለሦስቱም «አዎ» ካሉ ይግዙት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በእርስዎ እጅ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ግን ከእርስዎ ያልፋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጁ ሙያውን እንዲወርስ የሚፈቅደው ሙያው ዓመቱን ሙሉ የሚያበላው ከሆነ ነው። በዓመት አራት በዓል ብቻ የሚሸጥ ጨርቅ ቤተሰብ አያስተዳድርም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ሸሚዝዎን ከሸማ ያሰፉ፣ የሸማኔውን ስም ይጠይቁ፣ የድካሙን ዋጋ ይክፈሉ፤ ልብሱንም በሰኞ ጠዋት ለብሰውት ይውጡ።